ሙዚየም የሆነ ጥንታዊ ቤትና የመንግሥት ገንዘብ

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቀን ፀሐይና የሌሊት ቁር እጅግ ይራራቃሉ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይሰጣል፤ የሣር ክዳንም ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ ግን ቤቱ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል።

ይህ ለሙዚየም ብርቱ ጕዳይ ነው። ብራና ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቍጥር ይኰማተራል። የዞኑ ዋና ከተማ የደሴ ሙዚየም የሚገኘው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። ስለዚህ ለተረፈው ቅርስ የቤቱ ጠባይ ይበልጥ ያሳስባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የቅርስ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችል፣ ሥራውም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንደሚሻ ደንግጓል። የኢነርጂ ዐዋጅ ቍጥር 810/2006 በበኩሉ ለኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ የሚውል ፈንድ አቋቁሟል።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለማቀዝቀዣ መሣሪያ ሳይሆን ለክዳን ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ኮርኒስ ማበጀት፣ የበርና የመስኮት ስንጥቅ መድፈን፣ ሙቀቱ አነስተኛ በሆነ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት መጠቀም ይቀድማል። በጭቃ የተያያዘን የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ግን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል፤ ግድግዳውንም ይጎዳል። ስለዚህ ገንዘብ ሰጪውና ፈቃድ ሰጪው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አብረው ሊመክሩ ይገባል።