የፖለቲካ ጋዜጠኛ ሥራ ምንድን ነው? ለገረሴ ነዋሪስ ምን ይጠቅመዋል?

የፖለቲካ ጋዜጠኛ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አዲስ አበባ ተቀምጦ ባለሥልጣን የሚሞግት ሰው ነው። ፖለቲካ ግን ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ብቻ አይደለም። በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው ወጣ ብላ በምትገኘው ገረሴ የመስጂድ ይዞታ ጉዳይ ቢጓተት ወይም የመቃብር ቦታ ጥያቄ መልስ ቢያጣ ነገሩ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ባለበት ደግሞ ፖለቲካ አለ። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሕግ ወሰነ ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። እንደ ጋሞ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት አካባቢ ደግሞ የወሬ ጉዳት ይከብዳል።

ወሬ እንዴት ዘገባ ይሆናል?

«ወረዳው የመቃብር ቦታ ከለከለን» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደረሰን እንበል። ጋዜጠኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደብዳቤውን ነው። ማመልከቻው መቼ ገባ? መልሱስ ምን ይላል? «ተከለከልን» እና «ገና መልስ አላገኘንም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀጥሎ አመልካቾቹን፣ ጉዳዩን የያዘውን ኃላፊ፣ የአካባቢውን መጅሊስና ጎረቤት ነዋሪዎችን ያነጋግራል። ኃላፊው መልስ ካልሰጠ መቼና በምን መንገድ እንደተጠየቀ ይጽፋል። በመጨረሻም ያረጋገጠውን ከራሱ አስተያየት ለይቶ ያቀርባል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን ሳናጣራ ሰው እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት ታዘናል። የጋሞ ሕዝብም ጉዳዩን በዱቡሻ፣ በአደባባይ ተቀምጦ የመስማት ነባር ሥርዓት አለው።

በትንሽ ከተማ አስቸጋሪው ነገር ምንጭን መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ «አንድ መምህር ነገሩን» ቢባል ማንም አያውቀውም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ግን «የሁለተኛ ደረጃ ሙስሊም መምህር» ብሎ መጻፍ ስም ከመጥራት አይተናነስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጋዜጠኛ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን፣ ሰፈሩንና የሚያስለየውን አነጋገር ሁሉ ያስቀራል። እሱ ጽፎ ይሄዳል፤ ምንጩ ግን ነገም እዚያው ገበያ ይወጣል፣ እዚያው ቢሮ ጉዳይ ያስፈጽማል።

ሙሉውን መናገር

መስከረም 2011 ላይ በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ ከተጎዱት መካከል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ቁጣው አርባ ምንጭ ሲደርስ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ለበቀል ከመነሳት ተመለሱ። ግድያውን ብቻ የሚያወራ ቁጣን ያባብሳል፤ ዕርቁን ብቻ የሚያወራ ደግሞ የሟቾችን ደም ይሸፍናል። ጋዜጠኛ ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

የተከፈለው ዋጋ

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህ ሥራ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። ከ2004 ጀምሮ የአወልያ፣ የአሕባሽና የመጅሊስ ምርጫ ጥያቄዎች ሲነሱ «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ነገሩን ይዘግብ ነበር። አዘጋጁ ዩሱፍ ጌታቸው ሐምሌ 2004 ታሰረ፤ መጽሔቱም ከዚያ በኋላ ከገበያ ጠፋ። ጥር 2005 ላይ ደግሞ ሰለሞን ከበደ ተያዘ። በመጽሔቱ ላይ ይጽፍ የነበረው ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል ሐምሌ 2007 ላይ የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ዩሱፍም 7 ዓመት። የሬዲዮ ቢላሎቹ ኻሊድ ሙሐመድና ዳርሰማ ሶሪ የካቲት 2007 ታስረው ታህሳስ 2009 ተፈረደባቸው። የተከሰሱት በጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ነበር።

መጽሔት ሲዘጋ ወሬ አይቆምም፤ የሚቆመው ማጣራት ነው። የዚያን ጊዜ አንባቢ ስለራሱ ጉዳይ የሚሰማው ወይ ከመንግሥት ቴሌቪዥን ወይ ከማኅበራዊ ሚዲያ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚጎዳው፣ ቀርቦ መጠየቅ የማይችለው የክፍለ ሀገር ሰው ነው።

ሕጉ ዛሬ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ተፈጸመ በተባለ ወንጀል የሚከሰስ ሰው ለምርመራ በሚል በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ስም ማጥፋትንም ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። ጋዜጠኞች ግን ከዚህ በኋላም ታስረዋል። ስለዚህ አዋጁን ማወቅ ብቻ ሳይሆን እንዲከበር መጠየቅም የአንባቢ ድርሻ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ውድ አንባቢያን፣ ገረሴም ሆናችሁ ሌላ ቦታ፣ ለጋዜጠኛ ጥቆማ ስትሰጡ ደብዳቤውን፣ ቀኑንና ያያችሁትን ለዩለት፤ የሰማችሁትን «ሰማን» በሉ። ያልተጣራ መልእክት ከማሰራጨታችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ። የእኛን ወገን የሚነቅፍ እውነተኛ ዘገባ ሲወጣም ጸሐፊውን «ጠላት» ብለን አንፈርጅ፤ የወረዳውን ኃላፊ እንዲጠይቅልን የምንፈልገው ጋዜጠኛ መጅሊሳችንንም መጠየቅ አለበት። ሌላውን ብቻ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ ነገ ስለ እኛ እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል?