ጮክ ብላችሁ ስታነቡላቸው

አብዛኛው የአርሲዋ የሳጉሬ ልጅ ንባብን የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደሉ በቁቤ ነው። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ደርቦ ይጽፈዋል። የአማርኛው ፊደል ግን ዝም ይላል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፣ ሲጠብቅ መኖሩን ይናገራል። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል። ልጁ ይህን ከገጹ አያገኘውም፤ ከአንባቢው አፍ ነው የሚሰማው። ስለዚህ መምህራን፣ የምታነቡላቸውን መጽሐፍ ማታ ቤታችሁ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ።

 

ልጆቹ «ይደገም» ካሉ ድገሙት። በሁለተኛው ዙር «አለ» ላይ ስትደርሱ ዝም በሉና እነሱ ይበሉት።