መንዙማ በመከራ ዘመን፦ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን በግጥም እንዴት ጠበቁ?

መንዙማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መውሊድና ሠርግ ነው። ሆኖም በአማርኛ ከተገጠሙት ታላላቅ መንዙማዎች አንዳንዶቹ የተወለዱት በደስታ ቀን ሳይሆን፣ ሙስሊም ሆኖ መኖር በራሱ ፈተና በነበረበት ዘመን ነው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ለተራው ሙስሊም ሦስት ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጠ። በአስተምህሮ የተለዩ ክርስቲያኖችም ከግዳጁ አላመለጡም። ከሙስሊሙ ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ሸፈተ፣ ገሚሱም በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤቱ ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር የዚህ ዘመን ሰው ናቸው። ዓሊምም፣ ግዳጁን በመቃወም ሕዝብን ያስተባበሩ መሪም፣ ገጣሚም ነበሩ። መንዙማዎቻቸውን የጻፉት በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል ነው፤ ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ለምን ግጥም? መልሱን ከመንዙማ አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን።

አንደኛ፣ መንዙማ ወረቀት አይፈልግም። ኪታብ ሊቃጠል፣ መስጊድ ሊዘጋ ይችላል። ቤት የሚመታ ግጥም ግን በልብ ይያዛል፤ አንድ ቃል ቢዘነጋ ቤቱ ስለሚሰበር ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። አውጪው ሲል ጀማዓው አዝማቹን ስለሚቀበል፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው የሕዝብ ነው። የዐረብኛው ኪታብ የደረሳና የሼኽ ድርሻ ነበር። በአማርኛ የተገጠመ የተውሒድ ትምህርት ግን ገበሬውም፣ እረኛውም፣ ምጣድ ላይ ያለችው እናትም ዘንድ ይደርሳል። ቀሪኣው ሲበተን ትምህርቱ አልተበተነም።

ሦስተኛ፣ መንዙማ ዱዓ ነው። በአላህ ውዳሴና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ በሚወርድ ሰለዋት ይጀመራል፤ ከዚያ ገጣሚው የልቡን ይናገራል። ለንጉሥ የማይነገር አቤቱታ ለአላህ ይነገራል፤ ሕዝቡም «አሚን» እያለ ይሰማዋል። የተበደለ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያውቀው እዚያ ነው።

ዐጀሚም የራሱ ጥቅም ነበረው። ቁርኣን ቤት ያለፈ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሊያነበው ይችላል፤ የግእዝ ፊደል ብቻ የሚያውቅ ግን አንድ መስመር አይገባውም።

እንደ ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ያሉ የወሎ የዒልም ማዕከላት ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው በደረሶቻቸው ብቻ ሳይሆን በመንዙማም ነው። ኋላም ካሴት ሲመጣ፣ ሙሐመድ አወል ሐምዛን የመሰሉ አዚያሚዎች ይህንኑ ቅርስ ወሎን ረግጦ ለማያውቅ ከተሜ አደረሱት።

በድቤው፣ በሐድራው ሥርዓትና በአንዳንድ ግጥሞች ይዘት ላይ ዑለማዎቻችን የተለያየ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። ብይኑ የእነሱ ነው። ይሁንና አንድን ግጥም መመዘን የሚቻለው ግጥሙ ሲኖር ነው፤ የጠፋ ነገር አይታረምም፣ አይመሰገንምም። የግጥሞቹ መጥፋት ደግሞ ሌላም ኪሳራ አለው። ስለ ቦሩ ሜዳ ዘመን የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የጻፉት አለ፤ የተገፋው ወገን በገዛ አንደበቱ የተናገረውን የምንሰማው ግን በአብዛኛው ከእነዚህ ግጥሞች ነው።

የተወሰኑ የእስልምና ጽሑፎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቀምጠዋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥና በአዛውንት ልብ ያለው ግን ጠባቂው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መንዙማ የሚያውቁ አያት ያሉት ሁሉ ዛሬውኑ ስልኩን አውጥቶ ይቅረጽ። ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ማን እንደገጠመው፣ ከየትኛው ሼኽ እንደተቀበሉትና በየትኛው አገር ይባል እንደነበር ይጠይቅ። በዐጀሚ የተጻፈ ደብተር ካለም፣ ያረጀ ወረቀት ነው ብሎ ከመጣሉ በፊት ማንበብ ለሚችል ዓሊም ያሳይ።

ወላሁ አዕለም።