የጎን ተንሳፋፊ ያላቸው ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች፦ የሸራ ቁጥጥርና የገመድ አሠራር

የአገራችን ሐይቆች ለዓሣ ማስገር፣ ለጭነትና ለመንገደኞች መጓጓዣ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለብዙ ዘመናት በመቅዘፊያና በዘንግ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል፤ ዛሬ በአጠገቡ የሞተር ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ሸራ በሐይቁ ላይ የተለመደ መንቀሳቀሻ አይደለም። ይሁንና የነዳጅ ወጪን ለመቀነስ ወይም ለቱሪዝም አገልግሎት በትንሽ ጀልባ ላይ ሸራ ለመትከል የሚያስቡ ዜጎች አንድ መሠረታዊ ነጥብ አስቀድመው ሊረዱ ይገባል። የትንሽ የሸራ ጀልባ ደኅንነት በሸራው ስፋት ወይም በምሰሶው ቁመት አይለካም። ደኅንነቱ የተመሠረተው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ አንደኛው ነፋሱን በቅጽበት መልቀቅ መቻል፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀረውን ግፊት የሚሸከም የጎን ስፋት ማግኘት ነው።

ይህ ማብራሪያ ለጀልባ ሠሪዎችና ባለቤቶች እንዲሁም ለተሳፋሪዎች የተዘጋጀ ነው። በተለይም ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴና ሐይቅ ከሌለባቸው ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ወደ ጣና ገዳማት የሚጓዙ ምዕመናን፣ የሚሳፈሩበትን ጀልባ አይተው ለመመዘን የሚያስችላቸውን ዕውቀት ያገኙበታል።

የነፋስ ጉልበትና የሐይቁ ጠባይ

በአውድማ ላይ ምርት የሚያዘራ ገበሬ የነፋስን አቅጣጫና ጉልበት ጠንቅቆ ያውቃል። ነፋሱ ሲደክም ይጠብቃል፤ ሲበረታና አቅጣጫውን ሲለውጥ ደግሞ ሥራውን ያቆማል። በጀልባ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በሐይቅ ላይ ሥራውን ለማቆም የሚያስችል መሣሪያ አስቀድሞ በጀልባው ላይ መዘጋጀት ያለበት መሆኑ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ የብስ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በዚህም ምክንያት ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ሌሊት ግን የብሱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። በማለዳ ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ ከቀትር በኋላ የሚናወጠው በአብዛኛው በዚህ ሳቢያ ነው። በክረምት ወራት ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓዳማ ዝናብ ደግሞ ድንገተኛ ነፋስ ያስከትላል። የጣና ሐይቅ በስፋቱ በኢትዮጵያ ቀዳሚ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሆነው ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ትንሽ ጀልባን ይበልጥ ያንገላታል።

የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ 6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሸራ በሴኮንድ 5 ሜትር በሚጓዝ ነፋስ 9 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የሚስተካከል ግፊት ቢያርፍበት፣ ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ወደ 36 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፤ ግፊቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሆኖም ይህን ምክንያት አድርጎ ሸራውን ማስፋት ተገቢ አይደለም። ነፋሱ በ12 በመቶ ያህል ብቻ ቢፈጥን በአየሩ መሳሳት የተገኘው ቅናሽ በሙሉ ይጠፋል።

የጎን ተንሳፋፊ አገልግሎት

ጠባብ ጀልባ ለመቅዘፍ ይቀላል፣ ፈጥኖም ይሄዳል፤ ነገር ግን ሸራ ሲተከልበት ወደ ጎን ለመገልበጥ ቅርብ ነው። ለዚህ ችግር በፓሲፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ያገኙት መፍትሔ ከዋናው ጀልባ ጎን ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ቀጭን ተንሳፋፊ ነው። ተንሳፋፊው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች ከጀልባው ጋር ይያያዛል። ለአገራችን በቅርብ ርቀት የሚገኘው ምሳሌ በታንዛኒያና በኬንያ የባሕር ዳርቻዎች ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ንጋላዋ የተባለው ጀልባ ነው፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ተንሳፋፊ አለው።

አሠራሩን ለመረዳት የጭነት እንስሳን ማሰብ ይበቃል። በአህያ ላይ የተጫነ ጭነት ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ በሌላው ጎን ክብደት ይጨመራል ወይም ያጋደለው ጎን ከሥር ይደገፋል። የጎን ተንሳፋፊም በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ይሠራል። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ሲሆን በክብደቱ ጀልባውን ወደ ታች ይይዛል፤ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን ሲሆን ደግሞ ውኃው ወደ ላይ ስለሚገፋው ከሥር ደግፎ ያቆማል። በሁለቱም ጎን ተንሳፋፊ ያለው ጀልባ የነፋሱ አቅጣጫ ሲለወጥ አይቸገርም። አንድ ተንሳፋፊ ብቻ ያላቸው የማይክሮኔዥያ ጀልባዎች ግን ተንሳፋፊው ዘወትር በነፋሱ መምጫ በኩል እንዲሆን ይደረጋል። በነፋሱ ላይ አቅጣጫ ለመለወጥ ሲፈለግ ጀልባው አይዞርም፤ ሸራው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተወስዶ የኋላው ጫፍ የፊት ይሆናል። ይህ ሥልጠናና ቅንጅት የሚጠይቅ አሠራር በመሆኑ ለጀማሪዎች ባለሁለት ተንሳፋፊው ይመረጣል።

የተንሳፋፊውን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰው የ36 ኪሎ ግራም ግፊት መሐል የውኃውን ተቃውሞ ከሚያገኝበት ሥፍራ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያርፍ፣ ጀልባውን የማጋደል ኃይሉ 72 ኪሎ ግራም ሜትር ይሆናል። ተንሳፋፊው ከጀልባው መሐል 2.4 ሜትር ቢርቅ ይህን ኃይል ለመመከት የ30 ኪሎ ግራም ድጋፍ መስጠት አለበት። ይህም ማለት የራሱን ክብደት ከተሸከመ በኋላ ተጨማሪ 30 ሊትር ውኃ መግፋት መቻል አለበት ማለት ነው። ርቀቱ በግማሽ ቢያጥር የሚያስፈልገው ድጋፍ እጥፍ ይሆናል። ሞገድና ድንገተኛ ነፋስ ስለሚኖሩ ተንሳፋፊው ከዚህ ስሌት በእጅጉ የሚበልጥ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። ስሌቱ አሠራሩን ለማስረዳት የቀረበ እንጂ የባለሙያ ንድፍን የሚተካ አይደለም።

አግዳሚዎቹ ከጀልባውና ከተንሳፋፊው ጋር የሚያያዙት በልማድ በምስማር ሳይሆን በገመድ ነው። ሞገዱ ተንሳፋፊውን ከጀልባው ለይቶ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ጥብቅ ማያያዣ ይሰበራል፤ በሚገባ የታሰረ ገመድ ግን ጥቂት ይለጠጥና ይመለሳል። ይህ ዘዴ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በቀይ ባሕርና በሕንድ ባሕር የሚጓዙ መርከቦች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዙ እንደነበሩ ጽፏል።

ሸራውን የሚይዙና የሚቆጣጠሩ ገመዶች

በሸራ ጀልባ ላይ ያሉ ገመዶች በሥራቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙ ናቸው፤ እነዚህ ከምሰሶው አናት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ጀልባው የጎን ተንሳፋፊ ሲኖረው የጎኑን ወጣሪ ገመድ ወደ ውጭ አርቆ ማሰር ስለሚቻል ምሰሶው በቀላሉ ይጸናል። ሁለተኛው ሸራውን ወደ ላይ የሚያነሣውና የሚያወርደው ማንሻ ገመድ ነው። ሦስተኛው የሸራውን የታች ጫፍ ይዞ ለነፋሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው መቆጣጠሪያ ገመድ ነው።

ከሦስቱ ለሕይወት እጅግ ወሳኙ መቆጣጠሪያ ገመዱ ነው። ይህ ገመድ ሲለቀቅ ሸራው እንደ ባንዲራ በነፋሱ አቅጣጫ ይውለበለባል፤ ግፊቱም ወዲያውኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ገመዱ በጉዞ ላይ በቋጠሮ አይታሰርም። በለሰለሰ ችንካር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ በሰው እጅ ይያዛል። የበቅሎ መሳቢያ ገመድ በእጅ ላይ እንደማይጠመጠም ሁሉ ይህም ገመድ በእጅ ወይም በወገብ ላይ ሊጠመጠም አይገባም። ማንሻ ገመዱም ሳይተበተብ ተጠቅልሎ ሊቀመጥና ሸራው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሊወርድ የሚችል መሆን አለበት። ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት የሸራውን ስፋት የመቀነሻ ማሰሪያም ያስፈልጋል።

የሸራው ቅርጽም የራሱ ባሕርይ አለው። አራት ማዕዘን ሸራ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ይመቻል፤ በነፋሱ አንጻር ለመጓዝ ግን ደካማ ነው። በረጅም አግዳሚ ላይ የሚሰቀለው ባለሦስት ማዕዘን ሸራ በነፋሱ አንጻር የተሻለ ይጓዛል፤ ይሁን እንጂ አቅጣጫ ሲለወጥ ከባዱ አግዳሚ በጀልባው ላይ ስለሚያልፍ ተሳፋሪዎችን ሊመታ ይችላል።

ከጣና ደንገል የተገኘ ትምህርት

በደንገል ታንኳ ላይ ሸራ ለመትከል ለሚያስቡ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ አለ። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ከጣና ሐይቅ በተወሰደ ደንገል፣ በቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች እጅ ራ የተባለች ጀልባ አሠርቶ፣ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሣ። ደንገል ለአንድ ምሰሶ ጽኑ መሠረት ስለማይሆን ሸራው የተሰቀለው ጭነቱን ለሁለት በሚያካፍል ባለሁለት እግር ምሰሶ ላይ ነበር።

ራ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ሰምጦና እስሩ ላልቶ ከግቧ ሳትደርስ ተተወች። ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘው በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የሚታይ አንድ ገመድ አለመኖሩ ነበር። ይህ ገመድ የተቆለመመውን የኋላ ጫፍ ከጀልባው ወለል ጋር አያይዞ እንደ ስፕሪንግ ወጥሮ የሚይዝ ነው። በቀጣዩ ዓመት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የተሠራችው ዳግማዊት ራ ይህ ጉድለት ታርሞላት በ57 ቀናት ውስጥ ባርባዶስ ደርሳለች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በጀልባ ላይ ሥራው ያልታወቀ ገመድ አላስፈላጊ ነው ተብሎ መነሣት የለበትም። ደንገል ውኃ እየጠጣ የሚከብድ በመሆኑም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በየብስ ላይ መድረቅ ይኖርበታል።

ባለቤቶችና ተሳፋሪዎች ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

• መቆጣጠሪያ ገመዱ በእጅ የተያዘና ወዲያውኑ ሊለቀቅ የሚችል መሆኑን፤
• የአግዳሚዎቹ እስር ያልላላ፣ ያልተበጠሰና ያልበሰበሰ መሆኑን፤
• ተንሳፋፊዎቹ ውኃ ያላስገቡ መሆናቸውን፤ ባዶ ሳለ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ጀልባ ለጉዞ ብቁ አይደለም፤
• እምቦጭ በተንሳፋፊዎቹ፣ በአግዳሚዎቹና በመሪው ላይ አለመጠምጠሙን፤
• ነፋሱ ቢያቆም ወይም ሸራው ቢወርድ የሚያገለግል መቅዘፊያ መኖሩን፤
• ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንና ጀልባው ከመነሣቱ በፊት መታሰሩን፤
• ጉዞው ነፋሱ ከሚበረታበት ከቀትር በኋላ በፊት የሚጠናቀቅ መሆኑን።

ተሳፋሪዎች በተንሳፋፊው አግዳሚ ላይ እንዲቀመጡ ካልተነገራቸው በስተቀር በጀልባው መሐል ዝቅ ብለው መቀመጥና በድንገት ወደ አንድ ጎን አለመሰብሰብ ይኖርባቸዋል። የጎን ተንሳፋፊ ያለው ጀልባ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ መልሶ ለማቃናት አስቸጋሪ ነው። አደጋው ከደረሰ የሚንሳፈፈውን ጀልባ አጥብቆ ይዞ እርዳታ መጠበቅ፣ ሩቅ ወደሆነ ዳርቻ ለመዋኘት ከመሞከር የተሻለ የመዳን ዕድል ይሰጣል።

ነባር ጀልባ ላይ ሸራ ወይም የጎን ተንሳፋፊ መጨመር የጀልባውን ሚዛንና የመጫን አቅም የሚለውጥ ሥራ ነው። ስለሆነም ባለቤቶች መንገደኛ ወይም ጭነት ከመጫናቸው በፊት ለውጡን ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ወይም ለክልላቸው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቅርበው ስለ ምዝገባ፣ ስለ ምርመራና ስለ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው ሙከራም ያለ ተሳፋሪ፣ በማለዳ፣ በዳርቻ አቅራቢያና ሌላ ጀልባ በአጠገብ ባለበት ሊደረግ ይገባል።