የቆየ ማድ ቤት በጥቂት ገንዘብ ስለ ማደስ

ማድ ቤት ከእንግዳ ዓይን የተሰወረ ቢሆንም የቤተሰቡ ሁሉ ኑሮ የተመሠረተበት ክፍል ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በያዮና በሌሎችም የኢሉባቦር ከተሞች ከሚገኙት የቆዩ ማድ ቤቶች ብዙዎቹ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆኑ ናቸው። እናንተም ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ከዚያ የሚወጣውን ጭስ ከሩቅ አይታችሁ ምግብ መቅረቡን ትረዳላችሁ። ይሁን እንጂ ያ ጭስ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት በእናታችሁ ወይም በእኅታችሁ ዓይንና ሳንባ ላይ ስንት ሰዓት እንደ ቆየ አስባችሁ ታውቃላችሁን?

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰለው ነገር በሚመጣ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ማድ ቤት ለማደስ የተያዘው ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ቅደም ተከተሉን መለየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ጤናን የሚጎዳው ይወገዳል፤ ቀጥሎ ቤቱን የሚያፈርሰው ይጠገናል፤ ዓይንን የሚያስደስተው ግን በመጨረሻ ይመጣል።

ሥራው የሚጀመረው በመመልከት ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በማድ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ጭሱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚታመቅ፣ ዝናብ ሲጥል በየትኛው የምስማር ቀዳዳ ውሃ እንደሚንጠባጠብ አስተውላችሁ ጻፉ። ጎሬን በመሰለ፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚያገኝ አገር የሚያፈስ ጣሪያ ግድግዳውንም ይዞ ይወድቃል።

ከዚህ በኋላ ለጭሱ መንገድ ይከፈትለታል። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቋሚዎቹን ሳይነኩ በመካከላቸው ያለውን ማገርና ጭቃ ብቻ በመቁረጥ መስኮት ይወጣል። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ጭሱን ይዞት ይሄዳል። በጣሪያው ጫፍም ክፍተት ትቶ ከበላዩ አጭር ቆርቆሮ ከፍ አድርጎ መክደን ይቻላል፤ ይህም ጭሱን እያስወጣ ዝናቡን ይከለክላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ምድጃው ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛውን ሙቀት በየአቅጣጫው ይበትነዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ግን ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሚዘጋጁ ተገጣጣሚ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከልለው፣ በሙከራ እንደ ታየው ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። በስተኋላው ያለው የጭስ መውጫ ወደ መስኮቱ እንዲያይ ተደርጎ ይተከላል፤ ምድጃው ብቻውን ጭሱን ፈጽሞ አያጠፋውምና። የማገዶው መቀነስ የሚጠቅመው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት የያዮ ደን የሚገኘው በዚሁ በኢሉባቦር ነው።

እርጥብ እንጨት ግን በማንኛውም ምድጃ ላይ ይጨሳል። በመሆኑም ከቤቱ ክፈፍ ሥር ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሠርቶ፣ እንጨቱን ፈልጦ ማድረቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ እድሳት ነው።

በመጨረሻ ግድግዳውና ወለሉ ይስተካከላሉ። ጥቀርሻው ተፍቆ ከተነሣ በኋላ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለጥቂት ቀናት እየተረገጠ ይቆይና የተሰነጠቀው ይመረጋል። ሲደርቅ ኖራ ቢቀባ ብርሃኑን ስለሚመልስ ክፍሉ ይፈካል። ወለሉም ተደልድሎ በእበት ይለቀለቃል።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። የሚገዙት ምድጃው፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ምስማርና ኖራ ናቸው። ጭቃው፣ ጭዱ፣ እበቱና ጉልበቱ ከሰፈር ይገኛሉ። ጎረቤት በደቦ ቢተባበር የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቅዳሜ ይፈጸማል። እንጀራውን የሚበላ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ጭቃውን ሊረግጥ ይገባዋል።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለዋል። ስለ ወጡ የተናገሩት እውነት ነው። ምድጃው በደንብ ሲለወጥ ግን የእንጨቱ ሸክም ይቀላል፤ ወጡን የምትሠራውም እናት እንባዋን ሳትጠርግ ከልጆቿ ጋር ለማዕድ ትቀርባለች።