ታይሚንግ ቺንጋ፦ ብዙ የሄደ መኪና የሚፈልገው ዕቅድ

ታይሚንግ ቺንጋ የሞተርን ታችና ላይ አናብቦ የሚያዞር ጥርሳም የጎማ ቺንጋ ነው። ከታች ፒስተኖቹ ክራንክሻፍቱን ያዞራሉ፤ ከላይ፣ በቴስታታው ላይ፣ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ይህን ልክ የሚጠብቀው ቺንጋው ነው። ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ለመነሳትም ያስቸግራል። ከተበጠሰ ደግሞ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰንሰለትና ጥርሳም ማርሾች ነበሩ። በጥርሳም የጎማ ቺንጋ ካምሻፍቱን የሚያዞር የመጀመሪያው የቤት መኪና በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመኑ ግላስ 1004 ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ፊያት ተከተለው። ቺንጋ ከሰንሰለት ይቀላል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል። ጉድለቱ ዕድሜው የተወሰነ መሆኑ ነው። በውስጡ በተገመደው የመስታወት ክር ቢጠነክርም ጎማው በሙቀት፣ በሥራና በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ይባስ ብሎ ሊበጠስ ሲል አብዛኛውን ጊዜ አያስጠነቅቅም። መቀየሪያ ቀኑ አስቀድሞ ካልተወሰነ ቀኑን የሚወስነው ብልሽቱ ይሆናል።

ስለዚህ የዕቅዱ መጀመሪያ መኪናው ቺንጋ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በአዲስ አበባ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ባለው መንገድ የሚታዩት መኪኖች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ኮሮላዎች 4ኤ፣ 5ኤ ወይም 4ኢ ሞተር ካላቸው ቺንጋ አላቸው። በዚያው ዘመንና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ሃዩንዳይ አክሰንትና አቶዝም እንዲሁ። ቪትዝ፣ ያሪስና ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች ግን 1ኤስዜድ፣ 1ኤንዜድ ወይም 1ኬአር ሞተር ከሆነ የሚሠሩት በሰንሰለት ነው፤ ሱዙኪ ዲዛየርም ሰንሰለት አለው። ለታክሲ የሚያገለግሉት የሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተር፣ ማለትም 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ እንዲሁም በኋላ የመጡት 1ኬዲና 2ኬዲ በሙሉ የቺንጋ ናቸው። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድም ከእነሱ ጋር ይመደባል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይና በሞተሩ አካል ላይ ተጽፏል። አሮጌ መኪና ላይ ሞተር ሊቀየር ስለሚችል ሁለቱን ማመሳከር ይበጃል።

ቀጥሎ የሚታወቀው ቺንጋው ቢበጠስ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ክፍት የቀረ ቫልቭና ወደ ላይ የወጣ ፒስተን አይነካኩም፤ የቶዮታው 4ኤ-ኤፍኢ ለዚህ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለው መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይጎተታል፣ አዲስ ቺንጋ ሲገባለት ብዙውን ጊዜ ይነሳል። በሌሎች ሞተሮች ግን ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምማል። ናፍጣ ሞተር አየሩን እጅግ አጥብቆ ስለሚጨምቅ በቫልቭና በፒስተን መካከል የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚኒባስ ወይም የላንድክሩዘር ቺንጋ ሲበጠስ ቴስታታ ማውረድና ቫልቮች መቀየር ይከተላል፤ አንዳንዴም ፒስተኑ ራሱ ይጎዳል። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን ረዳት ኃይሉም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ የተጫነ መኪና ላይ ይህ የሕይወት አደጋ ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ በኪሎ ሜትርም በዓመትም ይለካል፤ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። በቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የተለመደው ልክ እንደ ሞዴሉ 100,000 ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሚኒባስ በዓመት 36,000 ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ 100,000 የሚሞላው ሦስት ዓመት ሳይደፍን ነው። ከቂርቆስ ቢሮ ደርሶ የሚመለስ የቤት መኪና ግን በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዓመት የሚቆጥረው 6,000 ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር ብቻ ቢታሰብ ተራው የሚደርሰው ከ16 ዓመት በኋላ ይሆናል፤ ጎማ ግን ያን ያህል ዓመት ይቆያል ተብሎ አይታመንም። ብዙ አምራቾች ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሚደርስ የዕድሜ ገደብም ያስቀምጣሉ። ባለታክሲው ኪሎ ሜትሩን፣ የቤት መኪና ባለቤት ዓመቱን መቁጠር አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የከተማ ኪሎ ሜትር ደግሞ ከአገር አቋራጭ ኪሎ ሜትር ይከብዳል። በኡራኤልና በመስቀል አደባባይ በኩል በመጨናነቅ ሰዓት በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር ለአንድ ኪሎ ሜትር 6,000 ዙር ይሠራል። በአስፋልት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ቢዞር ግን ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው 2,500 ዙር ነው። ቆጣሪው እኩል ቢያሳይም የከተማው ቺንጋ ከእጥፍ በላይ ሠርቷል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሙቀትም ሲጨመርበት፣ ታክሲ የአምራቹን ልክ ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ መቀየሩ ብክነት አይደለም።

ቆጣሪው ራሱ የማይታመንበት ጊዜም አለ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና የሚቆጥረው በማይል ነው፤ 60,000 ማይል ወደ 96,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቆጣሪ ወደ ኋላ የተመለሰበት መኪናም በገበያው ላይ አይጠፋም። በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ቺንጋው ሲደርስ የሚበራ ቲ-ቤልት የሚባል መብራት አለ። መብራቱ ግን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ቺንጋውን አያይም፤ ሥራው ሳይሠራም ሊጠፋ ይችላል። የቦሎ ምርመራም ሽፋን አስፈትቶ ቺንጋ አያይም። ሽፋኑ ተከፍቶ ስንጥቅ፣ የተበላ ጠርዝ ወይም ዘይት ከታየ ወዲያው መቀየር ያስፈልጋል፤ ቺንጋው ደህና መስሎ መታየቱ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በወረቀት የተደገፈ ታሪክ የሌለው መኪና ሲገዛ ቺንጋው እንዳልተቀየረ ቆጥሮ መቀየርና ቆጠራውን ከዚያ ቀን መጀመር ያዋጣል።

ዕቃው ቺንጋ ብቻ አይደለም። ቺንጋውን የሚወጥረው መሣሪያና የሚመሩት ተሽከርካሪዎች ኩሽኔታ አላቸው፤ አሮጌው ኩሽኔታ ቢነክስ አዲሱን ቺንጋ ይበጥሰዋል። ከካምሻፍቱና ከክራንክሻፍቱ ፊት ያሉት ኦይል ሲሎች ዘይት ካንጠባጠቡ ጎማውን ያበሰብሱታል። ስለዚህ ሁሉም ከቺንጋው ጋር በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ ለእነሱ ሲባል ያንኑ ቦታ ሁለተኛ ማስከፈት የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የውሃ ፓምፕ ጉዳይ እንደ ሞተሩ ይለያያል። በብዙ የቮልስዋገን ሞተሮች ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ አብሮ ይቀየራል። በ5ኤልና በ1ኤችዜድ ግን የሚያዞረው የውጭው ቺንጋ በመሆኑ ካላፈሰሰ ወይም ካልጮኸ መንካት አያስፈልግም።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዛ የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ይገባል። የአዲሱ ቺንጋ ስፋትና የጥርስ ብዛት ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። በጀርባው ላይ የዕቃው ቁጥርና የአምራቹ ስም በግልጽ ይነበባል። ያገለገለ ታይሚንግ ቺንጋ በምንም ዋጋ አይገዛም። የታጠፈ፣ የተጠማዘዘ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋም፣ አዲስ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ክር ሊጎዳ ስለሚችል አይገጠምም።

ሥራው ጥድፊያ አይወድም፤ ቺንጋው በስህተት ከገባ ሞተሩ ገና ሲነሳ ሊጎዳ ይችላል። መካኒኩ ባትሪውን ይነቅላል፣ የመጀመሪያውን ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ አድርሶ ምልክቶቹን ያገጣጥማል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መወጠሪያውን ያላላል። እንደ 5ኤል ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ከካምሻፍቱ ሌላ የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው ቺንጋው ስለሆነ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚገጣጠሙት ምልክቶች ሦስት ናቸው። አዲሱ ገብቶ ከተወጠረ በኋላ ሞተሩ በመፍቻ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹ ተመልሰው ካልገጠሙ ቁልፍ አይነካም። የመኪናው ባለቤት ሌላውን ሁሉ ባያውቅ እንኳ ይህን የሁለት ዙር ፍተሻ ቆሞ ማየት ይችላል፤ አሮጌዎቹን ዕቃዎችም መረከብ አለበት።

ማስረጃውን መያዝ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል። ካዛንቺስ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለኮሪደር ልማት በስፋት ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል፤ መኪናውን ለዓመታት የሚያውቅ መካኒክም እንደ ወትሮው ማዶ ላይገኝ ይችላል። የተቀየረበት ቀን፣ የቆጣሪው ንባብና የተገጠሙት ዕቃዎች ዝርዝር በካርድ ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በቺንጋው ሽፋን ላይም ይለጠፍ። መኪናው ሲሸጥ ይህ ወረቀት ዋጋ ያስጨምራል።

የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ታይሚንግ ቺንጋ የሚባል ነገር የለም። ይሁን እንጂ በከተማው ያሉት ነባር መኪኖች ቶሎ የሚተኩ አይደሉም፤ ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገል ይኖርባቸዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ተወዷል፤ በቫልቭና በቴስታታ ላይ የሚወጣው ወጪም በዚያው ልክ ከብዷል። ባለቤቱ ለቺንጋው በየወሩ ጥቂት ብር እያስቀመጠ፣ ሥራውን ከበዓል ጉዞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መኪናው በማይፈለግበት ቀን ያሠራ። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ባለመኪና ደግሞ ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጋራዥ ይሂድ።