የሥነ ጽሑፍ ዶክተርነት በምን ትምህርትና በምን ፈተና ይገኛል?



በእብናትም ሆነ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጋይንት ባለው ደጋ «እገሌ ዶክተር ሆነ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሐኪምን ነው። ነገር ግን መርፌና መድኃኒት ሳይዝ፥ ግጥምን፥ ልብ ወለድን፥ ተረትንና የብራና መጻሕፍትን መርምሮ ዶክተር የሚባል ሊቅም አለ። ልጃችሁን ለዚህ የምታስቡ ወላጆች፥ ራሳችሁም የምትመኙ ተማሪዎች፥ መንገዱን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይበጃችኋል፤ ስንቁን ሳያሰላ የተነሣ መንገደኛ ከመንገድ ይቀራልና።

«ዶክተር» የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ መምህር ማለት ነው። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ማዕርጉን ከአዲስ ምርምር ጋር አጥብቀው አያያዙት፤ በአሜሪካም የል ዩኒቨርሲቲ በ1861 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ ማዕርግ መስጠት ጀመረ። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርትን በ1979፥ የዶክተርነትን ትምህርት ደግሞ በ1987፥ በዚያው አቆጣጠር፥ ከፍቷል።

እንግዲህ ደረጃው እንደሚከተለው ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ የማስተርስ ዲግሪ ሊኖረውና የመግቢያ ፈተና ሊያልፍ ይገባዋል። ሁለተኛው የክፍል ትምህርት ነው፤ ይኸውም የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ፥ ሂስና የምርምር ዘዴ ሲሆን፥ ተማሪው በየትምህርቱ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያቀርባል። በአሜሪካ ይህ ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት የውጭ አገር ቋንቋዎች ማንበብ መቻልን ይጠይቃሉ። በእንግሊዝ አገር ግን በቆየው ልማድ ተማሪው በቀጥታ ወደ ምርምሩ ይገባል።

ሦስተኛው፥ በተለይ በአሜሪካ ሥርዓት፥ አጠቃላይ ፈተና የሚባለው ነው። ይህ ፈተና የአንድ ክፍል ትምህርት ፈተና አይደለም፤ ተማሪው ከረጅም የመጻሕፍት ዝርዝር ያነበበውን ሁሉ አገናዝቦ በጽሑፍና በቃል እንዲመልስ ይጠየቃል። አራተኛው የጥናት ዕቅድን አቅርቦ ማስጸደቅ ነው። አምስተኛው በአማካሪ መምህር እየተመሩ ከዚህ በፊት ያልተነገረ ዕውቀት የያዘ ድርሳን መጻፍ ሲሆን፥ በመጨረሻም ጸሐፊው በፈታኞች ፊት ቆሞ ስለ ጻፈው ይከራከራል።

ይህ ሥርዓት ለደቡብ ጎንደር ሰው ፍጹም እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስና አገባብ አጥንቶ፥ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ በየደረጃው ይወጣል፤ ትናንት ሌላ ሰው ያሰማውን ቅኔ ዛሬ ቢደግም መምህሩ አይቀበለውም። ድጓ የተማረም ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ሄዶ ያስመሰክራል። መማር፥ መፈተን፥ አዲስ ነገር ማፍለቅና በሊቃውንት ፊት መመስከር የሁለቱም ትምህርት ቤቶች ሕግ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ልብ ልትለው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚደክሙት በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ፈተናውን ሁሉ ካለፉ በኋላ ብቻቸውን ተቀምጠው ድርሳኑን ሲጽፉ ነው። ደወል የለም፥ የሚጠራ አለቃም የለም፤ ቤተሰብ ግን ቀለብ ይጠብቃል። ድርሳኑ ያልተፈጸመለት ሰው የቱንም ያህል ቢያነብ ማዕርጉን አያገኝም። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት የምትመረምረውን ጉዳይ፥ የሚመራህን መምህርና የምትኖርበትን ገንዘብ አስበህ ግባ። ድርሳኑንም በገንዘብ ለሌላ ሰው ማጻፍ የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ እንደ ማሰማት ያለ ነውር መሆኑን እወቅ።

ለምርምር የሚሆን ነገር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። የአገራችን የብራና መጻሕፍት፥ የእረኛው ዘፈን፥ የአልቃሿ ሙሾ፥ የአዝማሪው ግጥም ገና ብዙ መርማሪ ይሻሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በ1962፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ዶክተር ከሆኑ በኋላ፥ በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ሆነው የግዕዝ መጻሕፍትን ለዓለም ሊቃውንት ዘርዝረው አስረድተዋል። በዓለም ፊት ያስከበራቸው የአባቶቻቸው ቋንቋ ነበረ።

እንግዲህ ግዕዝ የሚያውቅ የእብናት ልጅ ያን ዕውቀቱን እንደ ኋላ ቀር ነገር ቆጥሮ አይጣለው። በዘመናዊው ትምህርት በየደረጃው አልፎ ማስተርሱን ከያዘ፥ ሌላው ተማሪ እንደ አዲስ የሚጀምረውን ቋንቋ እርሱ በእጁ ይዞ ይገባልና።